የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ቡድን መኪናውን፣ ፓምፑንና ቱቦውን እንዴት ይያዝ?

በጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊ ጥሪ ሲሰማ ከሥራው ወይም ከእንቅልፉ ተነሥቶ ነው ወደ መኪናው የሚሮጠው። ባለፈው መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ነው፤ ቱቦውን የጠቀለለውም፣ ነዳጁን የቀዳውም እንደዚሁ። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ዕቃ አያያዝ ከመደበኛው ጣቢያ ይልቅ መጥበቅ አለበት። እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቦታ ብቻ ይኑረው፤ በጨለማ በእጅ ዳሰሳ ይገኝ። የሳጥኑን በር ከፍቶ «ቁልፉ የት ሄደ?» የሚል ሰው ካለ የአደረጃጀት ችግር አለ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የውሃውን ሒሳብ እንጨርስ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ታንኩ የስንት ደቂቃ ነው?

3,000 ሊትር የሚይዝ መኪና ብዙ ውሃ የተሸከመ ይመስላል። በደቂቃ 200 ሊትር የሚተፋ አንድ ኖዝል (የቱቦው ጫፍ መርጫ) ከተከፈተ ግን ውሃው የሚበቃው ለ15 ደቂቃ ነው። ሁለት ኖዝል ከተከፈተ ለ7 ደቂቃ ተኩል። 800 ሊትር የጫነ ፒክአፕ በአንድ ኖዝል 4 ደቂቃ ብቻ ይሠራል። ይህን ቁጥር የራሳችሁን ታንክና ኖዝል ይዛችሁ አስሉና በፓምፑ መቆጣጠሪያ አጠገብ በቀለም ጻፉት። እሳቱ ዘንድ ስትደርሱ አንዱ ሰው ቱቦ ሲዘረጋ ሌላው በዚያው ደቂቃ ሁለተኛ ውሃ መፈለግ አለበት፤ ሃይድራንት (ከከተማው የውሃ መስመር ላይ ለእሳት አጥፊ የተተከለ ቧንቧ)፣ ኩሬ፣ ወንዝ ወይም ተከታይ ቦቴ። ታንኩ ሲያልቅ መፈለግ ከተጀመረ በውስጥ ያሉት ሰዎች ባዶ ቱቦ ይዘው ይቀራሉ።

ሌላም ነገር አለ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን 3,000 ሊትር ማለት 3 ቶን ነው። ታንኩ ሙሉ ወይም ባዶ ሆኖ ይነዳ እንጂ በግማሽ አይነዳ። በግማሽ የተሞላ ታንክ ውስጥ ውሃው በመታጠፊያ ላይ ወደ አንድ ጎን ይደፋና መኪናውን ይዞት ይሄዳል። በታንኩ ውስጥ ያሉት ከፋፋይ ግድግዳዎች የሚቀንሱት እንጂ የሚያስቀሩት አይደለም። ተራ የጭነት መኪና ላይ ታንክ አስረው የሚሠሩ ቡድኖች እነዚህ ግድግዳዎች መኖራቸውን ሳያረጋግጡ መኪናውን መንገድ ላይ ባያወጡት ይሻላል።

መኪናው በቆመበት የሚበላሸው

የበጎ ፈቃድ መኪና የሚጎዳው በመሮጥ ሳይሆን በመቆም ነው። ባትሪው ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በአየር የሚሠራ ፍሬን ያለው መኪና አየሩን ያጣል፤ ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ተመድቦ ይህን ይሥራ፦

ሞተሩ ሳይነሣ ዘይቱን፣ የራዲያተሩን ውሃና ከሥር የፈሰሰ ነገር መኖሩን ያያል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ስንት ደቂቃ እንደወሰደም ይመዘግባል። ባለፈው ሳምንት በ3 ደቂቃ ይሞላ የነበረው ዛሬ 6 ደቂቃ ከፈጀ አንድ ቦታ ይተነፍሳል፤ ሞተሩን አጥፍቶ በጆሮ መከታተል ነው። መኪናውን ቢያንስ 20 ደቂቃ መንዳት ያስፈልጋል፤ ቆሞ ሞተር ማስነሣት ብቻ ባትሪውን በቅጡ አይሞላውም፣ ሞተሩንም አያሞቀውም። ጎማው ላይ አራት አኃዝ ያለው የምርት ቁጥር አለ፤ «2319» ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ አምራቾች ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ይመክራሉ። ከባድ ውሃ ተሸክሞ በፍጥነት የሚሄድ መኪና ላይ ደግሞ በዚህ አለመደራደር ነው።

ተንቀሳቃሽ ፓምፕና ጄኔሬተር ካላችሁ ቤንዚኑን አትርሱ። ወራት የቆየ ቤንዚን ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙጫ ይሆናል፤ ሞተሩ በሙከራ ቀን ተነሥቶ በእሳት ቀን እንቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። በየወሩ ጭነት አስይዞ ማሠራት፣ በየጥቂት ወሩ ነዳጁን አውጥቶ በአዲስ መተካት።

ፓምፑን ማስያዝ

መኪናው ቆሞ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፤ ቸርኬው ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግበት። ታኮ የማያደርግ ሾፌር አደጋውን የሚያየው ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ መኪናው ሲንቀጠቀጥ ነው። ከዚያ ፍሪሲዮን ተረግጦ ፒቲኦው (የሞተሩን ጉልበት ወደ ፓምፑ የሚያስተላልፈው ማርሽ) ይገባል፤ ፍሪሲዮኑ በቀስታ ይለቀቃል። ካምቢዮው በዚያን ጊዜ ፎሌ ላይ ይሁን ወይስ ማርሽ ውስጥ የሚለው እንደ መኪናው ይለያያል፤ ስለዚህ የመኪናውን ቅደም ተከተል ጽፋችሁ ከመሪው አጠገብ ለጥፉ። ቀጥሎ ከታንክ ወደ ፓምፕ የሚወስደው ቫልቭ ተከፍቶ ውሃ ከገባ በኋላ ብቻ የሞተሩ ፍጥነት ይጨመር። ደረቅ ፓምፕ ከደቂቃ በላይ ማሽከርከር ማሸጊያውን ያቃጥላል፤ ማሸጊያው ደግሞ በውሃ የሚቀዘቅዝና የሚለሰልስ ነው።

ሌላው የተለመደ ጉዳት ኖዝሎቹ ሁሉ ተዘግተው ፓምፑ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ነው። ውሃው እዚያው እየተገረፈ በጥቂት ደቂቃ ይፈላል። እጃችሁን በፓምፑ አካል ላይ አሳርፉ፤ ከለብታ ካለፈ ወደ ታንክ የሚመልሰውን ቫልቭ በትንሹ ከፍታችሁ ውሃው እንዲዞር አድርጉ። የፓምፕ ሠራተኛ ይህን ሳያስታውሱት በየጥቂት ደቂቃው ሊያደርገው ይገባል።

ከኩሬና ከወንዝ መሳብ

ቡድኖች በብዛት የሚሳናቸው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

የእሳት አደጋ ፓምፕ ራሱ ውሃ አይስብም። አየሩን ከመምጠጫው ቱቦ ታወጡለታላችሁ፤ በኩሬው ላይ የተጫነው የአካባቢው አየር ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት በንድፈ ሐሳብ ውሃን 10.3 ሜትር ያህል ያወጣል፤ በተግባር የሚገኘው ከ7 እስከ 7.5 ሜትር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ በተግባር ከ5 ሜትር ተኩል በላይ መሳብ አይጠበቅም። በደጋ የሚሠራ ቡድን በቆላ ተፈትኖ የመጣን ፓምፕ «ተበላሽቷል» ከማለቱ በፊት ከፓምፑ እስከ ውሃው ገጽ ያለውን ቁመት በገመድ ይለካ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መኪናው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ውሃው ዘንድ በተቻለ መጠን ቀርቦ ይቁም። የመምጠጫ ቱቦዎቹን መሬት ላይ ገጣጥሙ፤ ማጋጠሚያውን በእጅ ሳይሆን በሁለት ቁልፍ ከሁለቱም ወገን አጥብቁ። ወንፊቱን ጫፉ ላይ ግጠሙ፤ ገመድ እሰሩበትና የገመዱን ሌላ ጫፍ መኪናው ላይ አስሩ፤ የቱቦውን ክብደት የሚሸከመው ገመዱ እንጂ የፓምፑ አፍ አይደለም። ወንፊቱ ከውሃው ገጽ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይጥለቅ፤ ከታችኛው ጭቃም እንዲሁ 30 ሴንቲሜትር ይራቅ። ውሃው ጥልቀት ከሌለው ከሥሩ ቆርቆሮ ወይም አካፋ ማንጠፍ ጭቃውን ይከለክላል። ቱቦው ከውሃው እስከ ፓምፑ ያለማቋረጥ ወደ ላይ እየወጣ ይሂድ፤ በአጥር ወይም በድንጋይ ላይ ተሰቅሎ መልሶ ከወረደ ጉብታው ላይ አየር ይታቆራል፤ ያ አየር አይወጣም።

የማስወጫ ቫልቮች ሁሉ ከተዘጉ በኋላ አየር ማውጫው ይሠራ። በመምጠጫው ጌጅ ላይ መርፌው ሲወርድ፣ ቀጥሎም በማስወጫው ጌጅ ላይ ግፊት ሲታይ ውሃ ደርሷል። አንድ ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ግማሽ ደቂቃ፣ ቢበዛ 45 ሴኮንድ ቆይቶ ውሃ ካልመጣ አቁሙ፤ አየር ማውጫውን ደጋግሞ ማሠራት ማቃጠል ብቻ ነው።

አሁን ጌጁን አንብቡ። የመምጠጫው መርፌ ጨርሶ ካልወረደ አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ። መርፌው ብዙ ወርዶ ውሃ ግን ካልመጣ ወይም ካነሰ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው፤ ወንፊቱ በቅጠል ተሸፍኗል፣ ቁመቱ በዝቷል፣ ወይም የመምጠጫው ቱቦ የውስጥ ሽፋን ተላቆ በሚስብበት ጊዜ ይደፈናል። የመጨረሻው ተንኮለኛ ነው፤ ቱቦውን አውጥታችሁ በዓይን ብታዩት ደህና ይመስላል፤ የሚደፈነው ሲሳብ ብቻ ነውና።

ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ማጋጠሚያው ውስጥ ያለችው ጎሚኒ ላይ ነው። ማጋጠሚያውን ፍቱና ጎሚኒዋን በጣት ጫፍ ዙሪያዋን ዳስሱ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሯ ገብታ ከሆነ በዓይን አትታይም፣ ጣት ላይ ግን ትቆረቁራለች። በንጹህ ውሃ አጥባችሁ መልሱ። ጎሚኒዋ ስትታጠፍ የምትሰነጠቅ ከሆነ ጣሏት፤ መለዋወጫ ሁልጊዜ ቢያንስ አራት ይኑራችሁ። ግሪስና የሞተር ዘይት አትቀቧት፤ ብዙው የጎማ ዓይነት በዘይት አብጦ ይበላሻል። ቀዳዳው ካልተገኘ የመምጠጫውን መስመር ጫፉን ዘግታችሁ ከታንኩ ውሃ ሙሉት፤ የሚያንጠባጥብበት ቦታ አየር የሚገባበት ቦታ ነው።

ፓምፑ ውሃ ይዞ እየሠራ በውስጡ ጠጠር የሚንኳኳ የሚመስል ድምፅ ቢሰማ ጠጠር ላይሆን ይችላል። ከሚገባው ውሃ በላይ ለማውጣት እየታገላችሁ ነው፤ ውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ እየተፈጠረና እየፈነዳ የፓምፑን ብረት ይቦረቡራል። የሞተሩን ፍጥነት ዝቅ አድርጉ ወይም አንድ ኖዝል ዝጉ፤ ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ እርሱ ነበር።

በወር አንድ ጊዜ ደረቅ ሙከራ ይደረግ። ፓምፑን አድርቁ፣ አፎቹን ሁሉ ክደኑ፣ አየሩን አውጡ። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ግፊቱ 0.8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ከወረደና ሞተሩ ጠፍቶ በአንድ ደቂቃ ከ0.1 ባር በላይ ካልተመለሰ ፓምፑ ጤነኛ ነው። ይህ በባሕር ጠለል አካባቢ ነው፤ በደጋ መርፌው ወደ 0.8 ላይደርስ ይችላል። እዚያ ዋናው መለኪያ የደረሰበትን ይዞ መቆየቱ ነው።

ቱቦና ግፊት

በብዙ ቡድኖች ሁለት መጠን ይሠራበታል፤ 75 ሚሊሜትር ውሃ ለማድረስ፣ 52 ወይም 42 ሚሊሜትር ለማጥቃት። በቀጭን ቱቦ ብዙ ውሃ ሩቅ ለማድረስ መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ የውሃው መጠን በእጥፍ ሲጨምር በመንገድ የሚጠፋው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ደርዝ ባለው ምሳሌ እንየው። ሁለት ኖዝሎች እያንዳንዳቸው በደቂቃ 200 ሊትር ይሰጣሉ፤ ኖዝሉ ላይ 5 ባር ይፈለጋል። ከመኪናው እስከ መከፋፈያው (አንዱን መስመር ለሁለት እስከሚከፍለው ዕቃ) 200 ሜትር ባለ 75 ቱቦ አለ፤ 400 ሊትር ሲያልፍበት በየ100 ሜትሩ 0.35 ባር ገደማ ያጣል፤ ድምሩ 0.7። ከመከፋፈያው በኋላ ያለው 30 ሜትር ባለ 52 ቱቦ 0.4 ያህል ይወስዳል። እሳቱ ከመኪናው 20 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ስለሚበላ 2 ባር ይጨመራል። 5 + 0.7 + 0.4 + 2 ሲደመር 8 ባር ያህል ነው። በዚያው መስመር 800 ሊትር ላሳልፍ ካላችሁ የ0.7 ፈንታ 2.8 ባር በ75ቱ ቱቦ ብቻ ይጠፋል፤ ያኔ ሁለተኛ መስመር ጎን ለጎን መዘርጋት ይሻላል።

«ግፊት ጨምሩ!» የሚል ጩኸት ሲመጣ ሁልጊዜ ፓምፑ ላይ አትሩጡ። መጀመሪያ ሰው ይላክና ቱቦውን ተከትሎ ይሂድ፤ አንድ የተጣመመ ቦታ፣ በላዩ የቆመ የመኪና ጎማ ወይም በግማሽ የተከፈተ ቫልቭ ብዙ ጊዜ መልሱ ነው። በታጠፈ ቱቦ ላይ ግፊት ሲጨመር ቱቦው ይፈነዳል።

ኖዝልም ሆነ ቫልቭ ሲከፈትና ሲዘጋ በቀስታ ይሁን። የሚሮጥ ውሃ በድንገት ሲቆም ግፊቱ በቅጽበት ያሻቅባል፤ ቱቦ ይቀደዳል፣ ማጋጠሚያ ይፈነቀላል፣ ፓምፕ ይሰነጠቃል። ቀዳዳው 12 ሚሊሜትር የሆነ ኖዝል በ5 ባር የያዘውን ሰው 11 ኪሎ በሚያህል ጉልበት ወደ ኋላ ይገፋል፤ 16 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ ኖዝሉን የያዘው «ውሃ» ሳይል ፓምፕ ያለው አይክፈት፤ ከያዘውም ኋላ አንድ ደጋፊ ይኑር።

ከሥራ በኋላ ቱቦው በንጹህ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ፤ ከፍ ካለ ቦታ ተሰቅሎ ወይም ተዳፋት ላይ ተዘርግቶ በጥላ ይድረቅ። ፀሐይ ጎማውን ያደርቃል፤ እርጥብ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የጨርቅ ቱቦ ደግሞ ሻግቶ ይበሰብሳል። እጥፋቱ ሁልጊዜ በአንድ መስመር ላይ ከዋለ የሚቀደደው እዚያ ነው፤ ስትጠቀልሉ ቦታ ቀይሩለት። የተቀደደ ቱቦ ጫፉ ላይ ቋጠሮ ይደረግበት፤ ከደህናው ጋር እንዳይቀላቀል ይህ ከወረቀት ይሻላል።

አየር፣ አረፋ፣ ኤሌክትሪክ

በጀርባ የሚታዘለው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ተራ አየር ነው። «ኦክስጅን» ማለት ስለተለመደ አንዳንዱ በስህተት ኦክስጅን ሊያስሞላ ይሄዳል፤ ይህ ገዳይ ስህተት ነው። 6 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ300 ባር 1,800 ሊትር ገደማ አየር ይዟል፤ በከባድ ሥራ ላይ ያለ ሰው በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ሊትር ይተነፍሳል። ከመግባት በፊት ከ270 ባር በታች ያሳየ ይቀየር። ሲሊንደሩን ከፍታችሁ መልሳችሁ ዝጉት፤ ጌጁ በአንድ ደቂቃ ከ10 ባር በላይ ከወረደ የሚተነፍስ ቦታ አለና አትግቡበት። ለመግባት ያጠፋችሁትን እጥፍ ለመውጫ አስቀምጡ፤ 60 ባር ፈጅታችሁ ከደረሳችሁ መርፌው 120 ላይ ሲደርስ ፊታችሁን ወደ በሩ አዙሩ። 50 ባር አካባቢ የሚያፏጨው ማስጠንቀቂያ የመውጫ ሰዓት ምልክት አይደለም፤ ያኔ ውጭ መሆን ነበረባችሁ። ጢም ያለው ሰው ፊት ላይ ጭንብሉ አይገጥምም፤ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። የማጣሪያ ጭንብል በጭስ በተሞላ ቤት አይሠራም፤ የጎደለ አየር አይተካም።

አረፋ ለነዳጅ እሳት ነው። በ3 ከመቶ የሚሠራ ከሆነ 3 ሊትር የአረፋ ፈሳሽ ከ97 ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ በደቂቃ 200 ሊትር በሚያሳልፍ መቀላቀያ 20 ሊትር ጀሪካን 3 ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ነው የሚቆየው። በቂ ጀሪካን ሳይሰበሰብ አትጀምሩ፤ በግማሽ ከተቋረጠ እሳቱ አረፋውን በልቶ ይመለሳል። መቀላቀያው ላይ የተጻፈው ፍሰትና የኖዝሉ ፍሰት እኩል ይሁኑ፤ ካልሆኑ አረፋው አይሳብም። በነዳጁ መሃል አትርጩት፤ ከፊቱ መሬት ላይ አሳርፋችሁ ወይም ከኋላው ግድግዳ ላይ መታችሁ እንዲንሸራተት አድርጉ።

ኤሌክትሪክ ያለበት ቦታ መስመሩ እስኪቋረጥ አረፋ ፈጽሞ አይረጭም። እስከ 1,000 ቮልት ባለው መስመር ላይ በተራ የ52 ኖዝል ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ውሃን በጉም መልክ መርጨት፣ 5 ሜትር ርቆ በቀጥታ መምታት ይቻላል። ከዚያ በላይ ለሆነ ከፍተኛ መስመር ርቀቱ 5ና 10 ሜትር ነው። መሬት ላይ የወደቀ ከፍተኛ መስመር ካለ ማንም አይጠጋ፤ የመስመሩ ባለቤት ይጠራ።

ሣርና ጫካ

እዚህ ትልቁ መኪና ብዙ አይጠቅምም። ከ400 እስከ 600 ሊትር ታንክ፣ ትንሽ ፓምፕና በመጠቅለያ ላይ ያለ ቀጭን ቱቦ የጫነ ባለአራት ጎማ ጉልበት ፒክአፕ ይበልጣል። በጀርባ የሚታዘል 20 ሊትር መርጫ፣ የእሳት መምቻ፣ ዶማ፣ መጥረቢያና መሰቅሰቂያ ይጨመርበት። ከታንኩ አንድ አሥረኛው ለመኪናውና ለሰዎቹ ይቀመጥ፤ እሳት ቢዞርባችሁ የምታርሱበት እርሱ ነው። ከተቃጠለው ወገን ሆናችሁ ሥሩ፤ ነፋስ ከሚነዳው እሳት ፊት ለፊት፣ ገና ባልተቃጠለ ሣር ውስጥ መኪና አይገባም።

ስትመለሱ

ሰው ሁሉ ደክሞት ቤቱ መሄድ የሚፈልገው አሁን ነው፤ ቀጣዩ ጥሪ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመጣ ይችላል። ከኩሬ ስባችሁ ከሆነ ፓምፑን በንጹህ ውሃ እጠቡት፤ አሸዋና አተላ ካደረ ቫልቮቹ ይያዛሉ። ብርድ ባለበት አገር ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፤ ውስጡ የቀዘቀዘ ውሃ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ታንኩን እስከ አፉ ሙሉ፣ ነዳጁን ሙሉ፣ የወጣውን ቱቦ በደረቅ ተኩ፣ የአየር ሲሊንደሮቹን ቀይሩ። መሣሪያ ቆጥራችሁ አስገቡ፤ የጠፋውን ወይም የተሰበረውን በመዝገቡ ላይ ጽፋችሁ ማን እንደሚያመጣው ስሙን ከጎኑ አስፍሩ። ታኮዎቹ ሁለቱም ቦታቸው ላይ መሆናቸውን አይታችሁ የጋራዡን በር ዝጉ።